መኪናዬን ደጄ ላይ ስላስቆለፈው የዋይፋይ ስም

ቀን፦ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም

ለጮራ የቤት ኢንተርኔት አገልግሎት ቅርንጫፍ ኃላፊ
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ባለሙያችሁ የቀየረው የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ወደነበረበት እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እናንተ ዘንድ የኢንተርኔት ውሉን በአውራ ጣቴ የፈረምኩት ፋሩቅ ነኝ። አሁን የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ፤ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ፣ ሁለተኛው ሩቅ ነው። ይህንንም ራሴ ስለጻፍኩት ስሕተቱም ድፍረቱም የኔው ነው።

1. የኤሌክትሪክ መኪናዬ ቁልፏ ስለጠፋ የምትከፈተው በስልክ ነው። ግቢዬ የስልክ ዳታ ስለማይገባ ስልኬና እሷ የሚነጋገሩት በእናንተ ዋይፋይ ነበር። በእሷ ተማምነን የሰፈራችንን ቃሬዛ አፍርሰን እንጨቱን ለአጥር አደረግነው። «በሽተኛ በትከሻ የሚሄድበት ዘመን አለፈ» ማለቴን ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ይደግምብኛል።

2. ባለሙያችሁ «ላፍጥነው» ብሎ መጥቶ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ቀየረ። ስልኬን አገናኝቶልኝ ሄደ፤ ለመኪናዋ ግን የነገራት የለም፣ እስካሁን የድሮውን ስም ትጠብቃለች። በኛ አገር ሙሽራ እንኳ አማቷ ቤት ስም ሲወጣላት ጎረቤት ተጠርቶ ይሰማል። አዲሱን ልሙላላት ብል የሚሞላው ከውስጧ ነው፤ እንዳልገባ ተቆልፋለች።

3. ቢሮአችሁ ስመጣ «የዋይፋዩን ሳጥን አጥፍተህ አብራው» ተባልኩ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ከዚያ «ስልክህ አርጅቷል»። ቀጥሎ «መኪና የኛ ሥራ አይደለም»። ስሙን ለመመለስ ሳጥኑ የሚጠይቀውን ሌላ የምስጢር ቃል የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ ነው፤ እሱም ደጎሎ ነው ይሉኛል፣ ደጎሎ ስደውል ወግዲ ነው።

4. ባለፈው የገበያ ዕለት ጎረቤቴ አቶ በላይ ሆዳቸውን ይዘው ወደቁ። መኪናዋ ቻርጇ ሞልቶ ቆማ እያየችን፣ የቤቴን መዝጊያ ነቅለን በሱ ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው። አልሐምዱሊላህ ተርፈዋል። መዝጊያው ላይ ተኝተው ያሉኝ ግን አይወጣልኝም፦ «ፋሩቅ፣ መኪናህ ቆማ በርህ ሄደ»።

አሁን ልጄ አፍናን የመጀመሪያዋን ልትወልድ እኔ ዘንድ ገብታለች፤ ወሯም ይኸው ነው። ቀልደኛ ነኝ፤ እሷ ወገቧን ስትይዝ ግን ቀልዱ ይጠፋብኛል።

ስለሆነም ባለሙያው መጥቶ የድሮውን ስምና የይለፍ ቃል እንዲመልስልኝ እጠይቃለሁ። ሌላ አልፈልግም፣ ይቅርታችሁንም ቢሆን።

እስከዚያው እንጨቱን ከአጥሩ ነቅለን ቃሬዛውን መልሰን እየሠራን ነው። ቃሬዛ ቁመታቸው የተስተካከለ አራት ሰው ይፈልጋል፤ የቀረው ሰው አውድማ ላይ ስለሆነ እኔን ጨምሮ ሦስት ነን። ቢሮዎ ቆሜ ስጠብቅ በዓይኔ ለክቼዎታለሁ፣ ልኬ ነዎት። ምጧ ሲጀምራት የምንጠራው እርስዎን ነው።

ከተረፈችኝ ሰላምታ ጋር
ፋሩቅ ሀቢቡላህ
(ፊርማ፤ የጣት አሻራ አይደለም)