ቶቪን አልሞተም

ዳንግላ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሚልካ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ናይሮቢ ብርድ ነው ወይስ ሙቀት? እዚህ ዝናቡ አባርቷል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ውርጩ እጅ ያደነዝዛል። እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ውዴ ምግብ ትልክልኛለች፤ ግማሹን ለውሻዋ እንደምሰጥ አልነገርኳትም።

የላክሽው ጥቅል ደርሶኛል። ናይሮቢ ዕቃ የሚያመላልሰው የምህረቴ ልጅ ዘመኑ ደውሎ፣ "ጋሽ ስሜነህ፣ ሚልካ ዕቃ ልካለች፤ እንጅባራ መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ" ሲለኝ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ፈታሁት። አስቀድሜ ደብዳቤ ፈለግሁ። መጽሐፎቹን አንድ በአንድ አራገፍኳቸው። የለም። ኮሚኮቹ፣ በሥዕል የተሠሩት የታሪክ መጽሐፎች፣ ብቻ ነበሩ፤ ሽፋናቸው ላይ ኦርሳ፣ ያቺ የፊልሙ መርከባችን፣ በከዋክብት መሀል ትሄዳለች።

አራተኛውንና የመጨረሻውን ፊልም በቪዲዮ ቤታችን ያሳየሁ ቀን፣ "በቃ አለቀ?" ብለሽ አኩርፈሽ ነበር። ለካ አላለቀም። ፊልሙ የዘለለውን ሁሉ በሥዕል እየሠሩ አውጥተውታል።

እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ። ስንት ዓመት ተመልካቹ ፊት ቆሜ በአማርኛ ሳስረዳ፣ ያልገባኝን ከራሴ እየጨመርኩ ነበር። አሁን መዝገበ ቃላት ይዤ በቀን አራት ገጽ አነባለሁ። እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! የመርከቧ አዛዥ ለምን ሁልጊዜ እንደምትቆጣ ያኔ አልገባንም፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ወንድሟን ጥላ መሸሿን አየሁ። በፊልሙ ሽው ብሎ የሚያልፈው ነገር እዚህ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጣቴን አድርጌበት መልሼ መላልሼ አየዋለሁ። ምሳ ሰዓት ማለፉን እንኳ አላውቅም።

ሽማግሌውን መካኒክ ቶቪንን አልረሳሽውም መቼም። በሦስተኛው ፊልም በሩን ከውስጥ ዘግቶ ጓደኞቹን ያዳናቸው፣ እሱ ያለበት ክፍል የፈነዳው። ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። አግዳሚው ላይ ቆመሽ፣ "አልሞተም! ሲሞት አላየነውም!" ብለሽ ስትጮሂ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም፣ "ሞቷል ልጄ፣ ተቀመጪ" አልኩሽ።

አምስተኛው መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። ጢሙ አድጎ፣ ሰው በሌለበት ዓለም ላይ የተሰበረ ሬድዮ ይጠግናል። ሳቄ አመለጠኝ። "ሚልካ፣ ልክ ነበርሽ!" ብዬ ዞር ስል ከእናትሽ ጋቢ በቀር ወንበሩ ላይ ምንም የለም።

ለሰው መንገር አማረኝና መጽሐፉን ይዤ እንግሊዝኛ አስተማሪዋ ማስተዋል ቤት ሄድኩ። ያስቸገሩኝን ቃላት እያነበበችልኝ፣ "ጋሽ ስሜነህ፣ ይሄን ለልጅዎ ቢነግሯት እንዴት ደስ ይላት! ለምን አይደውሉላትም?" አለችኝ።

"ስልኬን አታነሳም።"

"ለምን?"

ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

"አስራ አንድ ቀን?" አለችኝ። መጽሐፉን ዘግታ በእጄ ሰጠችኝ።

"አባዬ፣ እማዬ አፈር ከለበሰች በኋላ አስራ አንድ ቀን ሙሉ 'ተኝታለች' እያልክ መለስክልኝ" ያልሽኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። ያን ጊዜ ተከራከርኩሽ። ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው አልኩሽ። ውሸቴን ነው ልጄ። ፈርቼ ነው። ደግሞ አንቺ ደውለሽ "እማዬ እንዴት ናት?" ስትይኝ፣ ያን ያህል ደቂቃ ማናየሽ ጓዳ ውስጥ ያለች ይመስለኝ ነበር። ያንን ማጣት አልቻልኩም።

ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። እናትሽ ያረፈችው ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ራሷን ደግፌ ውሃ አጠጣኋት። "መስኮቱን ክፈትልኝ፤ ሚልካ ስትደውል እንድሰማ ስልኬን አቅርብልኝ" አለችኝ። መስኮቱን ከፍቼ፣ ስልኩን ይዤ ስመለስ አልፋለች። በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እየዘመሩ ሸኟት። ከራስጌዋ አንድ ወጣት ጽድ አለ። አንቺ ይህን ሁሉ ማየት ነበረብሽ፤ ከለከልኩሽ። ሲሞት ያላዩትን ሰው ሞተ ብሎ መቀበል እንደሚከብድ በዘጠኝ ዓመትሽ ነግረሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም። ይቅር በይኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጥቅሉ ውስጥ ስድስተኛው መጽሐፍ የለም፤ ከአምስት ወደ ሰባት ይዘላል። ዘመኑን ብጠይቀው፣ "እንደሰጠችኝ ነው ያመጣሁት" አለኝ። ሰባተኛውን አልከፈትኩትም። ስድስተኛው አንቺ ጋ ከሆነ በሰው እጅ አትላኪው። ራስሽ ይዘሽው ነይ።

ጌታ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ።

አባትሽ ስሜነህ