በጊቤ ገደል ላይ ያለችው ቤት

ታዴ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው የተቀባዩን ጤና በመጠየቅ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። የአዳሪ ትምህርት ቤታችን ሞግዚት ይህን ያላሟላ ደብዳቤ ካገኙ እንደገና ያስጽፉን ነበር። ያንተን መጠየቅ ስለማልችል የራሴን ልንገርህ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ ደም ግፊቴ በመድኃኒት ተይዟል፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ግን አሁንም የሰው ዓይን አልለምንም። ከተለየኸን ዓመት አልፎናል። ሙት ዓመትህን በነሐሴ አወጣን፤ ከዚያ በኋላ ጥቁሬን አወለቅሁ። አወለቅሁ ማለቴ እንኳ ትክክል አይደለም፤ ልጅህ ሰናይት ናት ያስወለቀችኝ። ብትተወኝ ኖሮ ዛሬም በላዬ ነበር።

ከበራችን ፊት ያለው መንገድ ሰፋ። አጥራችን ወደ ውስጥ ገባና ጠዋት ጠዋት ወንበር አውጥተህ ፀሐይ የምትሞቅባት ቦታ የእግረኛ መንገድ ሆነች። ንጣፉ ንጹሕ ነው፤ በሥራው ቅሬታ የለኝም። ግን አላፊ አግዳሚው አንተ የምትቀመጥባትን እየረገጠ ሲሄድ በመስኮት አያለሁ፤ አንዳንዴ ዞር ብላችሁ እለፉ ልላቸው ይቃጣኛል። ጎረቤቶቻችን ቦታቸውን ለቀው ፉሪ ገብተዋል። በእነሱ ግቢ ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ የከሰዓት ፀሐያችንን ወስዶብናል። ልብሶችህን ሰጠሁ፤ ካፖርትህን አስቀረሁ። መኪናህን ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማንም አልነካትም ነበር።

አሁን ተነክታለች፤ የምጽፍልህም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ እሑድ ሰናይት ከባሏ ከብሩክ ጋር መጥታ፣ «እማዬ፣ አባዬ ሲመኘው ወደ ኖረው ወደ ጊቤ በረሃ እንውሰድሽ» አለችኝ። ብሩክ መኪናህን መካኒሳ ወስዶ ፍሬኗን አሠራ፣ ጎማዋን አስቀየረ። የፊታችን ዓርብ በጀሞ አድርገን በዓለም ገና እንወጣለን። ወሊሶ እናድርና በማግሥቱ ከወልቂጤ ወደ በረሃው እንወርዳለን። ከድልድዩ ወዲህ መኪናዋን አቁመን ውሃው ዳር እስክንደርስ በእግር እንሄዳለን፤ የአቅሜን ያህል። ማታ ወልቂጤ አድረን እሑድ ወደ ቤታችን።

ዕቅዱ ያንተ ነው፤ አንድም ነገር አላስለወጥሁም። ከምሳ በኋላ ጨው ማስቀመጫውን ወሊሶ፣ ብርጭቆውን ወልቂጤ፣ በሁለት ሳህን መካከል ያለውን ክፍተት ጊቤ እያደረግህ ስንቴ ይዘኸኝ ሄደሃል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ነኝና ጨዋታህን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም ነበር፤ ብርጭቆውን ወደ ደቡብ ፈቀቅ አደርግልሃለሁ። አንተም፣ «መምህርት፣ የእኛ ክፍል የዕረፍት ደወል የለውም ወይ?» ትለኛለህ።

ሰናይት ጨውም ብርጭቆም አላስፈለጋት። ስልኳን ከፍታ፣ «ቼክ አደረግሁት እማዬ፣ ሩቅ አይደለም። በጠዋት ከወጣን በአንድ ቀን ደርሰን እንመለሳለን» አለች።

«ሦስት ቀን ነው» አልኋት።

«ለምን ሲባል?»

«አባትሽ ሦስት ቀን ስላለ።»

«አባዬ እኮ የለም። ለማን ብለን ነው መንገድ ላይ የምናድረው?» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። አልተቆጣኋትም። ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ግን አጭር አልነበረም።

መልሱን አንተ ታውቀዋለህ። ጅማ ባስተማርንባቸው ዓመታት ሁሉ ክረምት ሲገባ ወደ አዲስ አበባ፣ መስከረም ሲጠባ ወደ ጅማ ያንን በረሃ በአውቶቡስ ስናቋርጥ ኖርን። ሹፌሮቹ ሙቀቱ ሳይበረታ ለመሻገር ይጣደፉ ስለነበር አንድም ቀን አላቆሙልንም። አንተ ቀስ ብለህ ልታየው፣ ወርደህ እግርህን በውሃው ልትነክር ፈለግህ። እኔ ደግሞ ጭራሽ አይቼው አላውቅም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ፣ ግንባሬን ትከሻህ ላይ አስደግፌ፣ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ከታች ያለውን ባዶ ማየት አልችልም። አንተም በመስኮቱ በኩል ትቀመጥና ዳገቱን እስክንጨርስ ድረስ የምታየውን በጆሮዬ ትነግረኝ ነበር።

ወንዙ ዛሬ ቀይ አፈር ተሸክሟል ትለኛለህ። ዝንጀሮዎቹ ባንዲራ እንደሚሰቅሉ ተማሪዎች ተሰልፈዋል፣ አንዱ ሽማግሌ ዘግይቶ መጥቶ ዳይሬክተሩ ገላምጦታል ትለኛለህ። ከሁሉም በላይ ያቺ ቤት ነበረች፤ ከወንዙ ማዶ፣ ገደሉ ወገብ ላይ፣ ምንም መንገድ የማይደርስባት ቤት። መጀመሪያ ሣር ክዳን ነበረች፤ ጭሷን ብቻ አየህ። በሌላ ዓመት ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ለብሳ አገኘሃት። ሰናይት በሆዴ ሳለች ስንሻገር ደጃፏ ላይ ዳስ ተጥሎ ነበር። «ልጅ እየዳሩ ነው፤ ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማል» አልኸኝ። እኔ የምሰማው የአውቶቡሱን ሞተር ነበር።

ተማሪ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ሲጽፍ በቀይ የምሰርዝ ሰው መሆኔን ታውቃለህ። ያንተን ቤት ግን አንድ ጊዜ እንኳ ነጠላዬን ገልጬ አላጣራሁም። ገደሉን ስለፈራሁ ብቻ አልነበረም። ቤቷ ከሌለች ማወቅ አልፈለግሁም። በመጨረሻው ክረምት አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ፣ «ያቺ ቤት ግን እውነት ነበረች?» ብዬ ጠየቅሁህ። ሳቅህ ሳል ሆነብህ። ትንፋሽህ ሲመለስ፣ «ጥቅምት ይምጣ፣ ወስጄ አሳይሻለሁ» አልኸኝ። ጥቅምትን አላየኸውም።

አሁን ዓርብ ሲቀርብ የያዘኝ ፍርሃት የቁልቁለቱ አይደለም። ጊቤን የማውቀው በድምፅህ ብቻ ነው። እቤት ውስጥ ድምፅህ እየሳሳብኝ መጥቷል፤ ስጠራህ የምትለኝን «ወዬ» አንዳንድ ቀን ፈልጌ አጣዋለሁ። በዚያ በረሃ ግን ገና ሙሉ ነው፤ ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ሄጄ ዓይኔን ብገልጥ፣ ያየሁት የነገርኸኝን ሊያጠፋብኝ ነው። ስለዚህ ትናንት ሰናይትን ጠርቼ ጉዞው ይቅር አልኋት፤ ምክንያቱንም ሳልደብቅ ነገርኋት።

ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ከዚያም፣ «እንደ ድሮሽ ጨፍኚያ እማዬ። እኔ አጠገብሽ ሆኜ የማየውን እነግርሻለሁ» አለችኝ።

ልቤ ወደዚያ ሸፈተ፤ አልዋሽህም። ትከሻዋ እንኳ ያንተን ይመስላል። ግን ልጃችንን እናውቃታለን፤ በትከሻዋ አንተን ብትወጣም በአፏ የወጣችው እኔን ነው። ያየችውን ትናገራለች፣ ያላየችውን የለም ትላለች። አንተ በነበርህበት ቦታ ተቀምጣ «ምንም ቤት የለም እማዬ» ስትለኝ ታየኝ። ያንን ቃል ከሰው አፍ ከምሰማው፣ ልጄም ብትሆን፣ የራሴ ዓይን ቢነግረኝ ይሻለኛል አልሁ። እንሄዳለን አልኋት። ብሩክ፣ «እማማ፣ ከኋላ ይመችዎታል፣ ገደሉም አይታይዎትም» ብሎ ነበር፤ ጋቢና እንደምቀመጥ ቁርጡን ነግሬዋለሁ።

እንግዲህ ታዴ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ እንጂ ፊቴ ላይ አልጥልም። ቤቷ ካለች ክዳኗን፣ ደጃፏን፣ በዙሪያዋ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አይቼ እነግርሃለሁ። ከሌለች ደግሞ ያየሁትን ውሃና ድንጋይ ለጊቤ እተውለታለሁ። ፈልጌ ያጣሁት ሁሉ ያንተ ሥራ ነው፤ ለእኔ ለአንዷ ፈሪ መንገደኛ ብለህ ከምንም አንስተህ ያበጀኸው ነው። እሱን በቀይ አልሰርዝም፣ ለማንም አሳልፌ አልሰጥም። አንተ ዘንድ እስክመጣ ድረስ እኔ ጋ ይኖራል።

ያንተው
ጽጌ