ለነብር ዋስ ሆኜ

ልጄ ጌትነት፣ ያለህበት አገር ይመችህ፤ ብርዱን መድኃኔዓለም ያቅልልህ። እኔ ሰባ ስምንት ሞልቶኛል። በቆሎዬን ራሴ አርማለሁ፣ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ይችንም ደብዳቤ ፊደሌ ቢንጋደድም ራሴ ጻፍኳት።

ባምባሲ ዝናቡ ደግ ነው። የእናትህ ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

ነብሩ ግን ተመልሷል። ለአውሬ ከቆፈርኩት ጉድጓድ ገብቶ የተያዘው፣ ጆሮው የተሰነጠቀው፣ ያው ራሱ ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ጦር ይዞ ሲቆም አንተ በስልክ «አባባ፣ አይገደል፤ የማውቃቸው ሰዎች መጥተው ሩቅ ጫካ ይወስዱታል» አልከኝ። ጎረቤቱ እምቢ ቢል «ዋሱ እኔ ነኝ» ብዬ ጦሬን መሬት አስቀመጥኩ። ሰዎችህ ግን የዳቡስን ወንዝ እንኳ ሳያሻግሩት ለቀውት ሄዱ። አንተ ይህን እያወቅህ ዝም አልከኝ፤ እኔ ከሾፌራቸው ሰማሁ።

ትናንት ጠዋት ጎረቤታችን አሰለፈች ደጄ ቆማ፣ «ጋሽ አንለይ፣ ዋስ የሆኑለት ሰውዬ ማታ እራቱን በልቶ ሄደ» አለችኝ። ያረገዘች ፍየሏን ነው የበላባት። የሰማው ሁሉ ሳቀብኝ።

ነብሩስ አውሬ ነው፤ ቃል አልገባልኝም። ቃል የገባህልኝ አንተ ነህ።

ብቀየምህም ምርቃቴን አልነሳህም፤ እግርህን እንቅፋት አይንካው። ገንዘብ እንዳትልክ። ለአሰለፈች ብቻ ደውልና ይቅርታ በላት፤ ይህን እለምንሃለሁ። የቀረውን ዕዳ እኔው እከፍላለሁ፤ ለአሰለፈች ያረገዘች ፍየሌን፣ ይኸው ነብር ውሻውን ለበላበት ለጎረቤታችን ለጃለታ ቡችላ፣ ለመንደሩ ደግሞ የነብሩን ቆዳ።

አባትህ አንለይ