አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ስለሸጠው ሲስተምዎ

ለተከበሩ አቶ በኃይሉ
የ«ምቹ ወንበር» የኦንላይን ትኬት ድርጅት የሐዋሳ ሥራ አስኪያጅ

ጤናዎ እንዴት ነው ጌታዬ? ወገብዎስ? ያ የሚሽከረከረው የቢሮ ወንበርዎ እንደሚመችዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እሱን ደርቦ ለሌላ ሰው የሸጠብዎት ስለሌለ አልሃምዱሊላህ።

እኔ ሳዳም ነኝ፣ መናኸሪያ በር ላይ ትኬት የምቆርጠው። ባያውቁኝም ችግር የለም፤ ከዚህ እስከ ሐይቁ ዳር፣ እስከ አሞራ ገደል፣ እርስዎን ከሚያውቅ እኔን የሚያውቅ ይበዛል። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው የተውኩት። ግን እናንተ ሲስተም ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት የጠዋቱን መኪና ሁሉ በጭንቅላቴ ይዤ ስሞላ አንድ ሰው ቆሞ አልቀረብኝም። ጉራ ነው ካሉ ጉራ ነው፤ ሹፌሮቹን ይጠይቁ።

ከሰኞ ጀምሮ መስኮቴን ቆልፈውብኛል። በሩ ላይም «ትኬት ደርቦ በመሸጥ የታገደ» የሚል ወረቀት አስለጥፈዋል። በትልቁ ስላስጻፉት አመሰግናለሁ፤ መነጽር የሌለውም አንብቦታል። እኔም ይሄን ደብዳቤ ከጎኑ ለጥፌዋለሁ፣ ቴሌግራም ላይም ለቅቄዋለሁ። ሕዝብ ሁለቱንም አንብቦ ይፍረድ።

፩. ወንበሩ ስለተደረበበት ጠዋት። ኔትወርኩ ይንቀራፈፍ ነበር። የሲስተማችሁን ገጽ ስከፍተው የአዲስ አበባው መኪና ወንበር በሙሉ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ያልተያዘ፣ ቀይ የተያዘ ብላችሁ ያሰለጠናችሁኝ እናንተ ናችሁ። እኔም ደስ ብሎኝ «ባዶ መኪና! ግቡ! ግቡ!» ብዬ ጮህኩ። እኔ ጮህኩ ማለት ደግሞ ሐይቁ ማዶ ተሰማ ማለት ነው። ለካ ግማሹ ወንበር ከዋዜማው ተሽጦ አልቋል።

እትዬ አባይነሽ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። የዓይን ኦፕሬሽን ቀጠሮ ሲጠብቁ ከርመው በመከራ ደርሷቸው፣ አዲስ አበባ ሊሄዱ ከእኔ ቆረጡ። ሲገቡ አንድ ጎረምሳ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ወንበራቸው ላይ ተቀምጧል። የእሱም ትኬት ትክክል፣ የእሳቸውም ትክክል። ሹፌሩ «የተቀመጠ አላስነሳም» አለ። ሴትዮዋ ወረዱ፣ ቀጠሮው አለፈ። ሌላ ቀጠሮ እስኪሰጣቸው ዓይናቸው ይጠብቃቸው እንደሆነ እርስዎ ይንገሯቸው። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ እንደ ልጄ ነበር የማምንህ» ብለውኝ ሄዱ። አሁን ድምፄን ሲሰሙ መንገድ ተሻግረው ያልፋሉ። ሌባ የሚለኝ ሌላውማ ይበል፣ ግድ የለኝም። የእሳቸው ግን ያንገበግበኛል!

፪. ስለላኩልን ባለሙያ። ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቶ ዋሲሁን ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ ረፋድ ላይ፣ ኔትወርኩ ከተስተካከለ በኋላ ከተፍ አሉ። የእኔን ኮምፒውተር አልነኩም። የራሳቸውን ላፕቶፕ ከፈቱ፣ ቀዩ ቀይ ሆኖ ታያቸው፣ «እኛ ጋ ይሰራል» አሉና «የሠራተኛ ስህተት» ብለው ጽፈው ሄዱ። እናንተ ጋ መሥራቱን ማን ካደ ጌታዬ? ተሳፋሪው የሚሳፈረው ከእናንተ ቢሮ ነው እንዴ?

፫. ስለ በሽታው። አልዋሽም፣ እኔም መጀመሪያ ስክሪኑ መስሎኝ በጥፊ ብዬዋለሁ። ነገሩን ያሳየችኝ ወንጌላዊት ናት፣ ኮሌጅ ኮምፒውተር የምትማር የሰፈሬ ልጅ። ገጹ ውስጥ ወንበሮቹን የምትስል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ይቺ ፕሮግራም የራሷ ነገር የላትም፤ በተከፈተች ቁጥር ኮዷን ባህር ማዶ ካለ ሰርቨር ነው የምታስመጣው። ኔትወርክ ሲደክም ግማሹ ይደርሳል፣ ግማሹ መንገድ ይቀራል። ወንበር የሚስለው ደረሰ፤ የተያዘውን ቀይ የሚያደርገውና «ተሽጧል» ብሎ የሚከለክለው ቀረ። በቃ፣ ሁሉም አረንጓዴ! የአቶ ዋሲሁን ላፕቶፕ ደግሞ ኮዱን ድሮ አውርዶ ስላስቀመጠ መቼም አይጎድልበትም። ወንጌላዊት ኔትወርኩ ሲደክም አንዴ፣ ሲመለስ አንዴ ያንኑ መኪና ከፍታ በቪዲዮ ቀርጻዋለች። ለቢሮዎ ልኬዋለሁ። አይታችሁታል፣ መልስ ግን የለም።

እዚህ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ጥሩወርቅ እንኳ ስኳሩን አጠገቧ ነው የምታስቀምጠው። ለአንድ ብርጭቆ ስኳር ባህር ማዶ ሰው አትልክም። እናንተ ያን ኮድ እዚሁ፣ በራሳችሁ ማሽን ላይ ማስቀመጥ ያቃታችሁ ምን ሆናችሁ ነው?

የምለምነው ትንሽ ነው። ያን ወረቀት የለጠፈው እጅ ይንቀለው። ከዚያ እርስዎ ራስዎ እትዬ አባይነሽ ቤት ሄደው «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ልጁ አልዋሸዎትም» ይበሏቸው። እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም። የእኔን እምነት የበላው የእርስዎ ሲስተም ነውና እርስዎ ይመልሱልኝ።

ለሰጡኝ ስም፣ ለሰጡኝ እረፍት፣ በፀሐይ ቆሜ እንድጽፍ ለሰጡኝ ሰፊ ጊዜ እጅ እየነሳሁ፣ መስኮቱ ተቆልፎበት አፉ ያልተቆለፈው ታማኝ አገልጋይዎ፣

ሳዳም
መናኸሪያ፣ ሐዋሳ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከቢሮዎ ተደውሎልኝ ነበር። መኪናዎ ጋራዥ ስለገባ ለሐሙስ አዲስ አበባ የሚሄዱበት ወንበር ፈልገው፣ «በሲስተሙ አይሁን፣ ለሹፌሩ በአፍህ ንገርልን» ተባልኩ። ክብር ይስጥልኝ፣ በጣም ኮራሁ። ግን የታገድኩ ሰው ነኝ፤ እንደ ሰው ሁሉ በጠዋት ይምጡና ይጋፉ።