የዳኑት መደርደሪያ

እሙዬ፣ አንቺን ጅማ ላይ ዝናብ ሲደበድብሽ እኔ አቃቂ ላይ አቧራ እየቃምኩ ነው። ዛሬ ለጥናታችን፣ ከታማሚዎቹ ልጆች ጋር ለማወዳደሪያ የሚሆን ደም ልወስድ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤነኛ ልጆችን አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድሬ ነበር። ሰፈሩ የብረታ ብረት ሠራተኞች ሰፈር ስለሆነ ለእናቶቹ አንቲኦክሲደንትን «ዝገት መከላከያ» ብዬ አስረዳሁ። «ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ሲገባ ሰውነት እንደ ብረት ይዝጋል፤ እኛ መከላከያው ምን ያህል እንደቀረ እንለካለን» ስል ሁሉም ገባቸው። ኮራሁ!

ቀና ስል ነጂማ ከጤነኞቹ መሀል ቁጭ ብላ ብስኩት ትበላለች። ባለፈው ጉዞዬ ሆስፒታል ውስጥ በደም መመረዝ ራሷን ስታ ደሟን የወሰድኩላት ትንሿ ልጅ ናት! እናቷን አዚዛን «እሷ እኮ ከታማሚዎቹ ናት፤ እዚህ አትቆጠርም» አልኳት። አዚዛ ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው።

«ዝገቱ ለቀቃት እኮ! ስትታመም ወስደህ ስትድን የማትወስድላት ለምንድን ነው?» ብላ አፋጠጠችኝ።

ለካ ጥናታችን የታመሙና ያልታመሙ እንጂ የዳኑ የሚባሉ የሉትም! የጥናቱ መሪ ዶክተር ዘአማኑኤል ጋ ብደውል ሳቁና «ውሰድላት፤ ሌሎች የዳኑም ካገኘህ ጨምር» አሉኝ።

ነጂማ መርፌውን ስታይ ጤና ጣቢያውን በጩኸት አናወጠችው። ያኔ ስወጋት ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም ነበር። አዚዛ ጩኸቱን እየሰማች በሳቅ ፈረሰች፤ እኔም አብሬያት።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። የላቦራቶሪውን ፍሪጅ አንድ መደርደሪያ አጽጂልኝ፤ የዳኑትን ደም ይዤ እየመጣሁ ነው።

ሰይፈሥላሴ