እማማ የቆሙበት ድንጋይ

ጥር 14

ውርጭ። የደብረ ብርሃን ቧንቧ እስከ ሁለት ሰዓት በረዶ ነበር። እማማ ዘርፈሽዋል ግን የባልዲውን በረዶ በጣታቸው ሰብረው ፊታቸውን ታጠቡበት። እኔ ካልሲ ደርቤም እንቀጠቀጣለሁ።

ወተቱ ገነፈለ። ምድጃው አጠገብ ቆመው እየጸለዩ ነበር፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበታል… አልዘረጉም። አልጨረሱማ! አማቴ ጸሎት ከጀመሩ ቤቱ ቢቃጠል አያቋርጡም። ከአንኮበር መጥተው እኛ ጋ ከገቡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሲያቋርጡ አላየሁም። ነቢዩ ከሁለት ወር ሥልጠና ተመልሶ በር ላይ ሲቆም እንኳ፣ የሚሳሱለት አንድ ልጃቸው፣ እጃቸውን አንስተው "ቆይ" አሉት። ባሌ ከነሻንጣው ቆሞ ጠበቀ።

ማታ ነቢዩ፦ "ለጉልበቷ ሙቀት ብሏል ሐኪሙ። አዋሽ ፓርክ ፍል ውሃው ጋ ላድርሳችሁ፤ እኔን ፋብሪካው አይለቀኝም።" እኔና እሳቸው ብቻችንን? አራት ቀን? ከጓዳ ሆነው "ከነቢዩ ሚስት ሌላ ሰው ጠፋ?" ሲሉ ሰማሁ። ብርቱካን የሚባል ስም እንዳለኝ ያውቁ ይሆን…

ጥር 16

በአረርቲ በኩል ወረድን። ሹራቡ አንድ በአንድ ወለቀ። ነቢዩ አድርሶን ተመለሰ፤ በ19 ከሰዓት ይመጣል።

ማረፊያችን ከወንዙ ትንሽ ከፍ ይላል። የፓርኩ ስካውት፣ ጠባቂው ማለት ነው፣ ብርሃነ መስቀል ይባላል፤ የአረርቲ ሰው ነው። ሻንጣ ሳናወርድ መመሪያውን ጀመረ። ጽፌዋለሁ፣ ምክንያቱም ፈርቻለሁ። ከውሃው አሥር እርምጃ መራቅ። ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ጭራሽ አለመውረድ። "ደግሞ አንድ ቦታ አትመላለሱ። አዞ ይለምዳል። ዛሬ ያያችኋል፣ ነገ ይጠብቃችኋል።"

እማማ ሳቁ። "የበሬሳን ወንዝ በክረምት የተሻገርኩ ሴት ነኝ! ሰው የሚወስደው ደራሽ ውሃ ነው። የቆመ ውሃ ምን ያደርጋል?"

እሱ አልሳቀም። "እዚህ የቆመው ነው የሚወስደው፣ እማማ።"

ጥር 17

አየሁ! ገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን፣ በስካውቱ የሩቅ ማያ መነጽር።

"ግንዱን ተይው። ከግንዱ በስተቀኝ።" ምንም። ድንጋይ፣ ቅጠል፣ ድንጋይ… "እኩል የሆኑ ሁለት እብጠቶች ፈልጊ፤ ዓይኖቹ ናቸው። ድንጋይ አይጠልቅም፣ እህቴ።" ወዲያው አንዱ "ድንጋይ" ጠለቀ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ያን ያህል ራቅ ብለን እንኳ!

እማማ መነጽሩን እምቢ አሉ። "አውሬ ለማየት አልመጣሁም። ለጉልበቴ ነው የመጣሁት።" ጉልበታቸው በእርግጥ ተሽሎታል። ከፍል ውሃው ሲመለሱ ምርኩዙን እኔ ነኝ የያዝኩት።

አንድ ነገር ግን… ጠዋት ስነሳ የነጠላቸው ጫፍ ርሶ ነበር። ጭቃም ነክቶታል። ከየት?

ጥር 18

ከየት እንደሆነ ታወቀ። ጎህ ላይ ብነቃ አልጋቸው ባዶ። ፍለጋ ስወጣ ከወንዙ በኩል ሲመጡ አገኘኋቸው፤ ፊታቸው እርጥብ።

"ወንዝ ወርደው ነበር?"

"የዚህ ቧንቧ ውሃ ይሞቃል። ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ጸሎት አለ? እንቅልፍ ነው የሚያመጣው።"

ወንዙ ዳር ካለ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ አግኝተዋል። ለመቆሚያ የሚመች ጠፍጣፋ ድንጋይ አለው፤ ፊት ለፊቱም ምሥራቅ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋሉ! ትናንትም እዚያ ነበሩ፣ ዛሬም። ሁለት ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት…

"ስካውቱ ያለውን ሰምተዋል አይደል?"

"አንቺ ደግሞ ልታስተምሪኝ?"

ለስካውቱ ልንገረው? ብነግረው አሳባቂ ነኝ። ባልነግረውስ? ለጊዜው አንድ ጀሪካን ውሃ ደጅ አሳድራለሁ፤ እስኪነጋ ይቀዘቅዝ ይሆናል። የስልኬንም ደወል ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሞልቻለሁ።

ጥር 19

ተራ በተራ ልጻፈው፤ በኋላ እንዳልቀባጥር።

ስልኩ ሲጮህ አልጋቸው ባዶ ነበር። ጀሪካኑ አልተነካም። ሮጥኩ።

ድንጋዩ ላይ ቆመዋል። ታጥበው ጨርሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ማለት ወደ ውሃው፣ አዙረው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ውሃው ከእግራቸው አንድ ክንድ አይርቅም።

ከዛፉ ጥላ ሥር ሁለት እብጠቶች። እኩል። ድንጋይ ነው አልኩ ለራሴ። ድንጋይ ነው… ቀረበ። ውሃው ሳይንቀሳቀስ ቀረበ!

"እማማ! አዞ!"

እጃቸውን አነሱ። ቆይ። ያው ለነቢዩ ያነሱት እጅ።

"እማማ፣ በማርያም!"

ቆይ።

እብጠቶቹ ጠለቁ። ሁለቱም፣ እኩል። "ውጪ! አንቺ ሴትዮ፣ ውጪ!" ብዬ ነጠላቸውን ከኋላ ጨብጬ በሙሉ ጉልበቴ ጎተትኩ። ዳገቱ ላይ ተያይዘን ወደቅን። ሳልለቃቸው መጎተቴን ቀጠልኩ፤ አሥር እርምጃ፣ ምናልባት ሃያ። መቁጠሩንስ ማን አስታውሶት።

ከዚያ… ምንም። ውሃው ዝም። አንድ አረፋ እንኳ የለም።

እማማ ግራ እጃቸውን አንጓው ላይ ይዘው አዩኝ። "ጸሎት ላይ ቆሜ ጣልሽኝ" አሉ። ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ብርሃነ መስቀል ጩኸቴን ሰምቶ ደረሰ። አንጓው አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው፤ በሻሽ አሰረላቸው። ውሃውን ትንሽ አየና "ከታየው ይልቅ የጠለቀው ነው ክፉው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ። እማማ፦ "ለሷ ያደላል።"

ነቢዩ ከሰዓት መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ ተነገረው። "ሚስትህ ጣለችኝ። አንቺ እያለች ጎተተችኝ።" ወደ ጎን ወሰደኝ።

"እርግጠኛ ነሽ ግን? ግንድ ይሆን?"

"አላመንከኝም?"

"አምኛለሁ… ግን እሷ አንኮበር እመለሳለሁ እያለች ነው።"

አንኮበር! በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ዳገት፣ ብቻቸውን። በእኔ ምክንያት። ማታ ውሃ ብሰጣቸው ከእጄ አልተቀበሉም። ግንድ ይሆን እንዴ? የሰባ ዓመት ሴት በከንቱ ጥዬ ከሆነስ? ግንድ ይጠልቃል? ዓይኔን ስጨፍን አያለሁ፤ ስገልጥ እጠራጠራለሁ። ሰው ያየውንም ይክዳል ለካ።

ጥር 20

ለአስተርዮ ማርያም ደብረ ብርሃን እንድንደርስ በጠዋት ዕቃ ጫንን። ብርሃነ መስቀል ከአፋፉ እየሮጠ መጣ። "እማማ፣ ዛሬስ ይዩልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።"

እምቢ አሉ። ነቢዩ ለመናቸው። እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ፤ እኔን አልፈው። መነጽሩን በቀኝ እጃቸው ያዙ።

"ድንጋይዎን ያውቁታል አይደል? ትልቁ ዛፍ ሥር…"

"አውቀዋለሁ።"

ያለ መነጽርም ይታይ ነበር። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሆዱን አንጥፎ ተኝቷል። ጅራቱ ድንጋዩን አልፎ ውሃው ውስጥ ገብቷል። አፉ ተከፍቷል፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ። ወደ ምሥራቅ። ልክ እሳቸው እንደሚቆሙት።

እማማ መነጽሩን ቶሎ አልመለሱም። ነቢዩ ክንዳቸውን ደገፈ። በመጨረሻ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቦታዬን ያዘው።"

እኔን አላዩኝም።

ነቢዩ ለቤንዚን ስንቆም "ማመን ነበረብኝ" አለኝ። "ነበረብህ" አልኩት። አልቅሼም ነበር፤ ለእሱ አላሳየሁትም።

ጥር 22

ዛሬም ውርጭ። ትናንት እማማ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መጡ። ስለ አንኮበር ማንም አላነሳም፤ ሻንጣቸው ግን አልተፈታም፣ በር ሥር ቆሟል። ይቅርታ አልጠየቁኝም። እኔም ስለ "አንቺ ሴትዮ" አልጠየቅኋቸውም። ምን ብዬ እጀምረዋለሁ?

ጠዋት ወተቱን ልጥድ ወደ ኩሽና ገባሁ፤ ቸኩዬ ባዶ እግሬን። ጥግ ላይ ቆመው እየጸለዩ ነው። በሻሽ የታሰረው እጃቸው ከነጠላው ሥር ይታያል። ድምፅ እንዳላሰማ ምድጃውን ቀስ ብዬ ለኮስኩ።

"…ይትቀደስ ስምከ፣ ትምጻእ መንግሥትከ…" አሉና ዝም አሉ።

ረሱት መሰለኝ። ቀና ስል ዞረው ያዩኛል። መጀመሪያ እግሬን፣ ከዚያ ፊቴን።

"ብርቱካን" አሉ። "ጫማ አድርጊ እንጂ ልጄ፣ ሲሚንቶው ይገድልሻል።"

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሩና ካቆሙበት ቀጠሉ።

ጫማ ላደርግ አልሄድኩም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ወተቱ ገነፈለ። ዛሬ ጥፋቱ የእኔ ነው።