ሲም የማይቀበለው ስልክ

ጥቅምት 4

ዝናቡ አላቆመም። አሥረኛ «ለ» ውስጥ ሁለት ልጆች ተደባደቡ። የአንዱ አፍንጫ ደማ፤ ስለ ተውላጠ ስም የጻፈው ገጽ ቀላ። ጠረግኩለትና ትምህርቱን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ?

ቤት ስገባ አዝመራው ቀድሞኛል። ታናሽ እህታችን ፍቅርአዲስ ከዱባይ በሰው የላከችለት ስልክ ደርሷል። ካርቶን የለውም፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞታል። ወንድሜ አንድ ነገር እንዲህ በእርጋታ ሲይዝ አይቼ አላውቅም። እናታችንን ፎቶ አነሳት። የፊቷ መስመር ሁሉ ይቆጠራል። በአገውኛ፣ ለካ አርጅቻለሁ አለችና መለሰችለት።

ጥቅምት 6

ስልኩ ሲሙን አልቀበልም አለ። የእኔንም ሞከርን። እምቢ።

ፍቅርአዲስን ጠየቅኳት። ያገለገሉ ስልኮች ከሚሸጡበት ገበያ ነው የገዛችው። መጀመሪያ የተሸጠው አሜሪካ ነው። እዚያ ያለ አንድ የስልክ ድርጅት ከራሱ መስመር በቀር ሌላ እንዳይቀበል ቆልፎታል። ሎክ ይሉታል። እሷ በዋይፋይ ሞክራው ሠራላት፤ በቃ፣ ደህና ነው ብላ ላከችው።

ብቻዬን አመዛዘንኩ። ካሜራው ዓይን ነው። ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል፤ መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፀሐይ ላይ ይነበባል። ግን አይደውልም። አዝመራው የከሰል ደላላ ነው። ገበሬው ዛፉን ቆርጦ አክስሎ ሲጨርስ ለእሱ ይደውላል፣ እሱ ለመኪናው ይደውላል። እንጀራው መደወል ነው። የማይደውል ስልክ ምን ያደርግለታል? ለእኔ ቢሆን… እኔ ማንም ባይደውልልኝ ደስ ይለኛል። ይህን ለምን ጻፍኩት?

በአሮጌው ደውል፣ ይህን ለፎቶ አድርገው አልኩት። «እታለም፣ ሁለት ሚስት አታጋቢኝ» አለኝ።

ጥቅምት 9

ዳንግላ ሄድን። መናኸሪያው አጠገብ ይሄነው የሚባል ስልክ የሚጠግን ልጅ አለ። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ የፊት ጥርሱ ጫፍ የተሸረፈ። ሲሙ ሥር አንድ ስስ ነገር ለጠፈ፤ ቺፕ ነው አለን። ቺፑ፣ ሲሙ የአሜሪካው ድርጅት ነው ብሎ ስልኩን ይዋሸዋል። ስልኩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አመነ።

ይሄነው አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረው። ስልኩ አፕዴት አድርገኝ እያለ ይለምንሃል፣ እንዳትሰማው። አዝመራው፣ እንደ ሰካራም? አለው። እንደሱ። ተሳሳቁ።

ስንመለስ መስኮቱን እያየሁ አሰብኩ፤ በውሸት ላይ የቆመ ነገር ስንት ጊዜ ይቆማል?

ጥቅምት 20

ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። አሮጌውን ለአንድ ጫኝ ሰጠው። ቤታችን ገበያ ሆኗል።

ጥቅምት 28

አዝመራው አፕዴቱን ነካው። ጣቴ ስቶ ነው ይላል። ሲም አይደገፍም ይላል ስልኩ። ቺፑን አውልቆ ቢያስገባውም እምቢ።

ይሄነው የነገረህን አስታውስ አልኩት። ግድግዳውን በቡጢ መታው። ጭቃው ረገፈ። እናቴ መጥረጊያ አምጥታ ሰበሰበችው።

ኅዳር 1

ከግምጃ ቤት ከተማ ከሰል የሚጭነው መኪና አዝመራውን ደውሎ አጣው፤ ለሌላ ደላላ ጫነ። የእሱ ገበሬዎች መንገድ ዳር ሲጠብቁ ከሰላቸው በዝናብ ራሰ። ፊት ለፊት ሌባ ብለውታል። ጫኞቹ ደግሞ ሳቁበት። አዝመራው መስታወት ይዞ ይዞራል ይሉታል። አንዱ፣ «ልጓምህ ዳንግላ ነው ያለው፤ ይሄነው ሲያሰኘው ይስብሃል» አለው። ይህቺ ነገር ገባችበት።

ወንድሜ ፈረሰኛ ነው። አባታችንም ነበር። እነሱ ዘንድ ፈረስ ሰው ከጣለ መጀመሪያ የሚጠየቀው መጨረሻ የጫነው ሰው ነው። ኮርቻውን ማን ሠራው፣ ማን ሸጠው አይባልም። ማን ጫነው? በዚህ ብዙ ጠብ በርዷል፣ አውቃለሁ። አሁን ለስልኩም ይህንኑ ፍርድ አመጣው። መጨረሻ የነካው ይሄነው ነው። ስለዚህ የቆለፈው ይሄነው ነው።

ስለ አሜሪካው ድርጅት ነገርኩት። «አሜሪካ እኔን የት ታውቀኛለች?» አለኝ። እውነቱን እኮ ነው፣ አታውቀውም። ሳታውቀው ነው የቆለፈችበት።

ኅዳር 2

ልጻፈው።

አዝመራው ዱላ ይዞ ወደ ዳንግላ ሲነሳ ላስቆመው ተከተልኩት። አውቶቡስ ውስጥ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ ተቀመጠ። ዳንግላ እስክንደርስ ለመንኩት። ሱቁ ስንገባ ይሄነው የሌላ ሰው ስልክ ፈታቶ አጎንብሷል። ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«ነካካኸው አይደል?»

«ከየት አወቅህ?»

«ሌላ ምን ያመጣሃል?»

ቀልድ ነበር። አዝመራው ግን ኑዛዜ መሰለው። ዱላው የይሄነው ጆሮ ላይ ወረደ። ይሄነው ከነወንበሩ ሲወድቅ ደገመው። ድምፁ… እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ እንዲያ ነው። ይሄነው አልጮኸም። የጮህኩት እኔ ነኝ። ደሙ በጥቃቅኖቹ ብሎኖች መሀል መንገድ እየፈለገ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ ይጮህ ጀመር። የሚያነሳው የለም።

አዝመራው ዱላውን ሌላ ሰው እንደሰጠው ዕቃ አየው። ከዚያ ሮጠ። ሰው ተከተለው፤ በመኪኖቹ መሀል ጠፋ።

ነጠላዬን የይሄነው ጭንቅላት ላይ ጭኜ ተቀመጥኩ። ስሙን ጠራሁት። «መብራቱን አጥፊልኝ» አለኝ፤ የሚሠራበትን መብራት። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ኅዳር 5

ጠዋት ዳማውን፣ የአዝመራውን ፈረስ፣ ጋጣ ውስጥ ወድቆ አገኘነው። የኋላ እግሮቹን ጅማት በጥሰውታል። በፊት እግሮቹ ይነሳል፣ ይወድቃል። እንደገና ይነሳል። የቀርቀሃው አጥር በአንድ በኩል ተገንጥሏል። የይሄነው ታላቅ ወንድም አስማረ ነው። ማንም አላየም፣ ሁሉም ያውቃል።

ጎረቤታችን ጠመንጃ ይዞ መጣ። እናቴ የፈረሱን አንገት አቅፋ በአገውኛ ታባብለዋለች። ገለል በይ አላት። አልሰማችም። ሲተኩስ እጇ እዚያው ነበር።

ይሄነው ሆስፒታል ነው። አይናገርም፣ ይተነፍሳል ይላሉ። አዝመራው ጫግኒ ወርዷል የሚል ወሬ አለ። ስደውልለት ዋልኩ። ለማይደውል ስልክ… ጣቴ ለምዶ ነው።

ኅዳር 9

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀመጡ። አስማረ በአንድ በኩል፣ እኔና እናቴ በሌላው። እንዳስረዳ ተፈቀደልኝ። ስለ ቺፑ፣ ስለ አፕዴቱ፣ ይሄነው እንዳስጠነቀቀው ሁሉንም ተናገርኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ትዕዛዙ፣ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው ሰሙኝ።

«ታዲያ ማን ነው የቆለፈው?»

«አሜሪካ ያለ አንድ ድርጅት ነው አያ።»

«ምን በደልነው?»

«ምንም። ደንበኛው ወደ ሌላ እንዳይሄድበት ብሎ ነው።»

«ደንበኛውስ ሸጦት ሄደ። ለምን አልፈታውም?»

«እንጃ።»

«እንግዲያው እሱም ሽማግሌ ይላክና አብሮን ይቀመጥ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እናቴ እንኳ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አስማረ አልሳቀም። «ወንድሜን የመታው አሜሪካ አይደለም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ሳቁ ቆመ።

ውሳኔው፦ አዝመራው መጥቶ በሽማግሌዎቹ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ከዚያ ሕግ ፊት ይቅረብ። ይሄነው እስከተነፈሰ ድረስ አስማረ እጁን ላያነሳ ማለ። እስከተነፈሰ ድረስ… ይህቺን ሐረግ ሌላ ሰው ሰምቷት ይሆን?

እዚያው ቆሜ ለአዝመራው በቴሌግራም ጻፍኩለት። ና፣ ተስማምተዋል። አንድ ምልክት ብቻ። አልደረሰውም።

ኅዳር 11

ደረሰው። ጫግኒ ዋይፋይ ያለው ሻይ ቤት አግኝቷል። ከነገ ወዲያ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ አለ። የት እንደሚያድር አልነገረኝም። የማንጎ ዛፍ ፎቶም ላከ፣ ካሜራው እንዴት ነው? የሚል ጽፎበት። ሰው ደብድቦ ማንጎ ያነሳል። ቅጠሉ ላይ ያለችው ጉንዳን ሳትቀር ትታያለች።

ኅዳር 12

ይሄነው ሞተ።

አትምጣ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ምልክት። ደግሜ ጻፍኩ። አንድ ምልክት። ሻይ ቤቱ አልገባም፣ ወይም ዘግተዋል፣ ወይም መብራት ጠፍቷል። ጉንዳን የሚያይ ስልክ ነው። ባትሪው ቻርጅ ሳይደረግ ሁለት ቀን ይቆያል። አንዲት ቃል መቀበል አይችልም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነገርኩ። መናኸሪያው ላይ ሰው እንመድባለን አሉኝ። አስማረም መናኸሪያው ላይ ሰው መድቧል።

ኅዳር 13

ጭጋግ። ባጃጅ ይዤ ከከተማው ወጣሁና የጫግኒ መንገድ ላይ ቆምኩ። አውቶቡሱ ሲመጣ መሀል መንገድ ገባሁ። ሾፌሩ እናቴን ሰደበ። በሩን ግን ከፈተ።

አዝመራው ከኋላ ተቀምጦ የመስኮቱን ጭጋግ በስልኩ ይቀርጻል። ውረድ አልኩት። ሽማግሌዎቹ እየጠበቁኝ አይደል? አለ። ይሄነው ሞቷል አልኩት። አላመነኝም። ስልኩን አውጥቶ የእኔኑ መልእክት አሳየኝ። ና፣ ተስማምተዋል። ሌላ የለም። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ የምትዋሺው አንቺ ነሽ» አለ። ልጅ ያቀፈች ሴት፣ ባልሽ ነው ወይ? ብላ ጠየቀችኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እሱም ሳቀ።

መታሁት። በጥፊ አይደለም፣ በቡጢ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ኮሌታውን ይዤ በወንበሮቹ መሀል ጎተትኩት። በሩ ላይ ወድቆ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ወርጄ ረገጥኩት። አንዴ አይደለም። ጠመኔ የምይዝበት እጅ፣ ወንድሜን አጥቦ ያሳደገ እጅ… አልደከመኝም። ያስፈራኝ ይህ ነው።

አውቶቡሱ ሄደ። መንገድ ዳር ተቀምጦ ደም ተፋ። «መቼ?» አለኝ።

«ትናንት።»

ስልኩን አየው። አሁንም ምንም አልደረሰውም። ሰጠኝና ተነሳ። በጓሮ በጓሮ ዞረን ፖሊስ ጣቢያ ገባን። በሩ ላይ ፖሊሱ ከንፈሩን አይቶ ማን መታህ? አለው። «ወድቄ ነው» አለ።

ኅዳር 20

አሥረኛ «ለ» ዛሬም ተደባደቡ። ላስታርቃቸው ስጠጋ ሁለቱም ከእኔ ሸሹ። የአውቶቡሱን ወሬ ሰምተዋል።

ታኅሣሥ 14

አያ ትዕዛዙ መጡ። የይሄነው እናት እትዬ ምህረቴ ለአርባው የሚያቆሙት ፎቶ የላቸውም። የከተማውን ስልክ ሁሉ ሲጠግን የኖረ ልጅ ከትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ በቀር የለውም፤ እሱም ደብዝዟል። የእናንተ ልጅ ያን ጊዜ አንስቶት ነበር ወይ? ብለው ጠየቁኝ።

ስልኩን ከፈትኩ። አለ። ቺፑ የገባ ዕለት የተነሱት ነው፤ ወደ ሱቁ ደጅ ወጥቼ ነበር መሰለኝ፣ አላየሁም። አዝመራው ስልኩን በአንድ እጁ ዘርግቶ፣ በሌላው ይሄነውን አቅፎታል። ሁለቱም ይስቃሉ። የተሸረፈችው ጥርስ፣ ጺሙ ላይ ያረፈች የዝናብ ጠብታ… ሁሉም አለ። ከዚህ ስልክ በቀር በዚህ አገር ይህን የሚያስቀር አልነበረም።

ፎቶ ቤት ወስጄ አዝመራውን ከፎቶው አስወጣሁት። ይሄነው ብቻውን ቀረ፣ ትከሻው ላይ ከአዝመራው አምስት ጣቶች ጋር። ይህን ያህል ምን ይጎዳል አልኩ። እኛ ደመኞች ነን፣ ደጃቸውን አንረግጥም። ሽማግሌው ይዘውት ሄዱ።

ታኅሣሥ 18

ፎቶው ተመለሰ። እትዬ ምህረቴ ብዙ ሲያዩት ቆይተው፣ «ልጄን ስትልክልኝ የገዳዩን እጅ ለምን ላከችው? ትቁረጠው» ብለዋል።

ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ አለኝ። ጣቶቹን አጥፍቶ በቦታቸው ሸሚዝ ሳለ። ደንበኛ ሥራ ነው፣ ሰው አያውቅም። ይዤው ወጣሁ። መንገድ ላይ ቆሜ አየሁት። እጅ ያላረፈበት ትከሻ። ማንም ያልነካው ሰው። እናትየው ይህን አልጠየቁም። ትቁረጠው ነው ያሉት።

ቤት ገባሁ። እናቴ መቀስ አቀበለችኝ፤ ፊቷን አላዞረችም። የመጀመሪያውን፣ ጣቶቹ ያሉበትን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። በትንሿ ጣት በኩል ጀመርኩ። ጨርቁን ልተው፣ ጣቱን ብቻ ላውጣ ብዬ ብዙ ደከምኩ።

ቆረጥኩት። ትከሻው አብሮ ሄደ።